መድረኩ ኮልቾ፣ ገበያው አዲስ አበባ

የኦፔራ ኩባንያዎች የትርኢት ዓመታቸውን በምን ይከፍታሉ ቢባል፣ በተለይ ካዝናቸው ያልደለበ መካከለኛ ኩባንያዎች ደጋግመው የሚያነሡት የጣሊያንን አስቂኝ ኦፔራ ነው። የሮሲኒ «የሴቪያው ፀጉር አስተካካይ»፣ የዶኒዜቲ «የፍቅር መድኃኒት»፣ የዚሁ ደራሲ «ዶን ፓስኳሌ»። ሦስቱም ከ180 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ተመልካቹ ማን ማንን እንደሚያታልል፣ በመጨረሻም ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ መጋረጃው ሳይገለጥ ያውቃል። ታዲያ የከረመ ዕቃ በአዲስ ወቅት መባቻ ላይ ለምን ከፊት መደርደሪያ ይቀመጣል? መልሱን ከሙዚቃው ይልቅ ከሂሳብ መዝገቡ ማግኘት ይቀላል።

ለንጽጽር ባለታሪኳ ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሆነችውን የቬርዲን «አይዳ» መውሰድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ይህ ኦፔራ ብዛት ያለው ኅብረ ዘማሪ፣ የባሌ ዳንስ ተጫዋቾች፣ የድል ሰልፍና ግዙፍ የመድረክ ግንባታ ይፈልጋል። «ዶን ፓስኳሌ» ግን በአራት ዋና ዘፋኞች ይሠራል። «ፀጉር አስተካካዩ» የሚጠይቀው ኅብረ ዘማሪ የወንዶች ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛው ታሪክ የሚያልቀውም በአንድ አዛውንት መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። የደመወዝ ዝርዝሩ አጭር፣ የአናጢው ሥራ ቀላል ነው።

ከዚህ ሌላ የቀብድ ጉዳይ አለ። የኦፔራ ቤቶች ትኬት የሚሸጡት ለአንድ ምሽት ብቻ አይደለም። ቋሚ ደንበኛ የወቅቱን ትርኢቶች በሙሉ ወይም በከፊል አስቀድሞ በአንድ ጊዜ ይገዛል። ገንዘቡ ዘፋኝ ሳይቀጠር፣ ለአልባሳት ጨርቅ ሳይቀደድ ካዝና ይገባል። በመርካቶ ቋንቋ ቀብድ ማለት ነው። ቀብድ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ዕቃውን ማወቅ ይፈልጋል፤ ስሙን ሰምቶት ለማያውቀው አዲስ ድርሰት ከወራት በፊት ገንዘቡን የሚያወጣ ገዢ ጥቂት ነው። አሮጌው ኮመዲያ በወቅቱ መክፈቻ የሚቀርበው ቀብድ ስለሚስብ ነው።

ሳቅ የማይሸፍነው ወጪ

ይህ ሁሉ ተደርጎም የትኬት ሽያጭ ብቻውን ወጪውን አይሸፍንም። ምክንያቱን ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ አሜሪካውያን ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተዋል። ለአራት ተጫዋቾች የተጻፈ ሙዚቃ ከ200 ዓመት በፊት አራት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዛሬም የሚፈልገው አራት ሰው ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አዲስ ማሽን አስገብቶ በጥቂት ሠራተኛ ብዙ ያመርታል። ትርኢት ግን ሰው ቀንሶ ወይም ፈጥኖ ማምረት አይችልም። ደመወዝ በሌላው የሥራ መስክ ከፍ ሲል የዘፋኙም አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ የትርኢት ዋጋ ከሌላው ሸቀጥ አንጻር እየተወደደ ይሄዳል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ ኪስም ያስፈልጋል።

ጣሊያኖች ክፍተቱን በጥንቱ ጊዜ የሞሉበት መንገድ ለነጋዴ ጆሮ የሚጥም ነው። ኦፔራ ቤቱን ተኮናትሮ፣ ደራሲና ዘፋኝ ቀጥሮ፣ ትርፍና ኪሳራውን የሚሸከም «ኢምፕሬሳሪዮ» የሚባል ሰው ነበር፤ የትርኢት ሥራ ተቋራጭ ብንለው ያስኬዳል። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ዶሜኒኮ ባርባያ ሥራ የጀመረው በቡና ቤት አስተናጋጅነት ነው። ቡናን ከቸኮላትና ከክሬም ጋር አዋሕዶ በስሙ «ባርባያዳ» የተባለ መጠጥ እንዳስተዋወቀ ይነገርለታል። ሀብት ያፈራው ግን በሚላኖው ላ ስካላ፣ ኋላም በኔፕልሱ ሳን ካርሎ የቁማር ጨዋታ የማካሄድ ፈቃድ ይዞ ነው። ሮሲኒን እ.ኤ.አ. በ1815 ለኔፕልስ የቀጠረውም እሱ ነበር። ዘፈኑ መድረክ ላይ ይዘፈናል፤ ገንዘቡ ደጅ ላይ፣ በቁማሩ ጠረጴዛ ይሰበሰባል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን መድረኩም ደጁም በአንድ ሰው እጅ መሆናቸው ነው። የደጁ ትርፍ የመድረኩን ጉድለት ይሸፍን ነበር።

በመድረኩ ላይ ያለው ድርሻ ግን እኩል አልነበረም። «የሴቪያው ፀጉር አስተካካይ» እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1816 ሮም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ፣ ሮሲኒ ለድርሰቱ 400 ስኩዲ ተከፍሎታል። የፊጋሮን ቦታ የያዘው ሉዊጂ ዛምቦኒ 700፣ ቴኖሩ ማኑኤል ጋርሲያ ደግሞ 1,200 ስኩዲ ወስደዋል። ዕቃውን የፈጠረው ሰው ከዘፋኙ ሢሶ አገኘ ማለት ነው። የትርኢቱ ተቋራጭ መስፍን ስፎርዛ ቼዛሪኒ ከመክፈቻው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ሞተ፤ የመጀመሪያው ምሽት በፉጨትና በጩኸት ታወከ፤ በሁለተኛው ምሽት ግን ሥራው ተወደደ። የደራሲን መብት የሚመለከተው የኦስትሪያና የሰርዲኒያ መንግሥታት ስምምነት የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ቬርዲና አሳታሚው ሪኮርዲ የኖታ ኪራይ እያስከፈሉ ከየትርኢቱ ድርሻ የሚያገኙበትን አሠራር ያጠናከሩትም ከዚያ ወዲህ ነው። ሮሲኒ ወጣት ሳለ የሸጠው አንዴ ነው፤ ቬርዲ ግን ሥራው በታየ ቁጥር መሸጥ ቻለ። የሽያጩ መለኪያ ሲለወጥ ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫም ተለወጠ።

ከቴራስ ሆቴል እስከ ኦሞ ዳርቻ

አዲስ አበባ ቋሚ የኦፔራ ኩባንያ የላትም። የጣሊያኖቹ «ኮመዲያ» ግን ከነስሙ አገር ውስጥ ገብቷል። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ትያትር የሚባለው የተክለሐዋርያት ተክለማርያም «የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። በ1910ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቴራስ ሆቴል ታይቶ፣ ሹማምንቱን የሚሸነቁጥ ሆኖ በመገኘቱ ታገደ። ወቅትን በኮመዲያ መክፈት ያኔ አዲስ አበባ ላይ ከሮም ፉጨት የባሰ ኪሳራ ነበረው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ማርኮኒ ሲኒማ ብለው በጀመሩት ሕንፃ ላይ የተሠራው የዛሬው ብሔራዊ ትያትርም በ1948 ዓ.ም. ሲመረቅ የታየበት ኮመዲያ ሳይሆን የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር።

ይሁንና ወቅት ያለው፣ ተመልካቹ ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ከመድረኩም ይልቅ ደጁ የሚያተርፍ ትርኢት ከተፈለገ መታየት ያለበት ቦታ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው ደቡብ ኦሞ።

ኮልቾ ከካሮ ሕዝብ መንደሮች አንዷ ናት። ከቱርሚ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የኦሞ ወንዝ ታጥፎ በሚያልፍበት ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ካሮዎች በደቡብ ኦሞ በቁጥር አነስተኛ ከሚባሉት ሕዝቦች መካከል ናቸው፤ ጥቂት ሺህ ቢሆኑ ነው። ገላቸውን በነጭ አፈር፣ በቢጫ ድንጋይ ዱቄት፣ ብረት ባዘለ ቀይ አፈርና በከሰል የመሳል ችሎታቸው ግን ስማቸውን ከቁጥራቸው በላይ አግዝፎታል። ጥበቡ ለቱሪስት የተፈጠረ አይደለም፤ ጭፈራውም የራሳቸው የበዓልና የመተጫጨት ጭፈራ ነው። ካሜራ ያመጣው ለውጥ ሌላ ነው፤ ሥዕሉ በዓል መጠበቁን ትቶ መኪና በመጣ ቁጥር የሚዘጋጅ ሆነ። በንግድ አነጋገር ለቤት ፍጆታ ይመረት የነበረው ለገበያ መመረት ጀመረ።

ወቅቱን የሚከፍተው ዝናብ ነው። በአካባቢው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል። ወደ ኮልቾ የሚወስደው መንገድ አሸዋማ የወንዝ መውረጃዎችን ስለሚያቋርጥ፣ ወንዝ ሲሞላ መኪና ከቱርሚ አያልፍም። ገበያው የሚደራው መሬቱ ሲደርቅ፣ በተለይ አውሮፓውያን ከአገራቸው ብርድ በሚሸሹባቸው ወራት ነው። የጉዞ መርሐ ግብር የሚቀረጸው ደግሞ በገበያ ቀኖች ዙሪያ ነው፤ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ ወይም ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። ኮልቾ በእነዚህ መካከል ትገባለች፤ ፎቶ አንሺዎች የሚመርጡት ሰዓት ፀሐይዋ ወንዙ ላይ የምታዘቀዝቅበት ነው።

በፎቶ ቁጥር የሚሸጥ ጭፈራ

አሁን የትርኢቱን ዋጋ እንመርምር። ቱሪስቱ ኮልቾ ከመድረሱ በፊት የአውሮፕላን ትኬት ገዝቷል፤ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩና ከነነዳጁ ተከራይቷል፤ አርባ ምንጭ፣ ጂንካ ወይም ቱርሚ አድሯል፤ ለአስጎብኚ ድርጅት ከፍሏል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው በዶላር ወይም በዩሮ ተሰልቶ አስቀድሞ የተከፈለ ነው። መንደሩ ሲደርስ ከኪሱ የሚያወጣው የመንደር መግቢያ፣ የአካባቢ አስጎብኚና የፎቶ ክፍያ በብር ነው።

የፎቶ ክፍያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው በሰውና በጠቅታ ቁጥር ነው። አንድ ሰው አንዴ ሲነሣ ሁለት ብር፣ በኋላም አምስት ብር። በአንድ ወቅት ወደ ደቡብ ኦሞ ለሚሄድ ቱሪስት ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ አዳዲስ የአንድ ብር ኖቶችን አሥሮ መሄድ ነበር፤ ያረጀ ኖት ተቀባይ አልነበረውምና። ዋጋው ከጊዜ ወደ ጊዜ መሻሻሉ፣ በጥቅል መክፈልም መለመዱ አይካድም። ሆኖም የብር ዋጋ ለትርኢቱ ባለቤቶች ምን እንዳደረገ ለማየት የአምስት ብሯን ጉዞ መከተል ይበቃል።

በ1995 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከስምንት ብር ተኩል ከፍ ባለ ዋጋ ይመነዘር ነበር፤ የያኔዋ ሁለት ብር 23 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ታወጣለች። ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. ብር ተመኑ ዝቅ ብሎ ዶላር ከ16 ብር በላይ ሲሆን፣ አምስት ብር 30 ሳንቲም ገደማ ነበረች። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋዜማ ላይ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር፣ ያችው አምስት ብር ወደ ዘጠኝ ሳንቲም ወርዳለች። በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር ሲዘል ከአምስት ሳንቲም በታች ሆነች። በ2002ቱ ደረጃ ለመቆየት ብቻ የአንድ ፎቶ ዋጋ ከ30 ብር መብለጥ ነበረበት። ላንድክሩዘሩን በዶላር የሚያከራየው ሰው ይህን ስሌት መሥራት አያስፈልገውም፤ ዋጋው ራሱ ያስተካክልለታል።

በቁጥር መሸጥ ሌላም መዘዝ አለው። ትርኢቱ የጋራ ነው፤ ሽያጩ ግን የግል። ሃያ ሰው ተስሎ ተሰልፎ ሳለ ፎቶ አንሺው አምስቱን መርጦ ቢያነሣ፣ የቀሩት 15 ሰዎች የደከሙበት ጊዜና ቀለም ዋጋ አያገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ሰው በልጦ ለመታየት ይጥራል። ጎብኚው «አሳደዱኝ» ብሎ የሚያማርረው ግፊት የጠባይ ጉዳይ ተደርጎ ይወራል እንጂ፣ በመሠረቱ የክፍያው አሠራር የወለደው ነው። ዘፋኝ የሚከፈለው ተመልካች ዓይኑን በጣለበት ቁጥር ቢሆን ኖሮ፣ የላ ስካላ መድረክም ከዚህ የተለየ አይሆንም ነበር።

እዚህ ላይ «የፍቅር መድኃኒት» ይታወሳል። እ.ኤ.አ. በ1832 ሚላኖ ላይ በታየው በዚህ ኦፔራ ዱልካማራ የሚባል ሐኪም ነኝ ባይ ወደ አንዲት መንደር ይመጣል። ለየዋሁ ኔሞሪኖ የቦርዶ ወይን ጠጅ የፍቅር መድኃኒት ነው ብሎ ይሸጥለታል። ዋጋው ስንት ነው ሲባል፣ ልጁ ኪሱ ውስጥ ያለችው አንዲት ወርቅ ልክ ዋጋው ሆና ትገኛለች። መድኃኒቱ የሚሠራው ከአንድ ቀን በኋላ ነው ይለዋል፤ በዚያ ጊዜ ሻጩ መንደሩን ለቅቆ ሊሄድ ነው። ሰው የሚስቀው በኔሞሪኖ ነው፤ ነጋዴ ግን ዱልካማራን ልብ ቢለው ይጠቀማል። የሻጩ ኃይል የገዢውን ኪስ ማወቁ ነበር። ኮልቾ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ተስሎ የቆመው ሻጭ፣ ፊቱ ያለው ገዢ ለጉዞው ስንት ሺህ ዶላር እንዳወጣ፣ ፎቶውም አገሩ ሲገባ የቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀል ወይም በውድ በሚሸጥ መጽሐፍ ውስጥ ይግባ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የገዢውን ኪስ የሚያውቀው መሀል ያለው ሰው ነው።

ወንዙ ሲቀንስ

የትርኢቱ ገቢ ትርፍ ኪስ መሙያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ። ካሮዎች ግን ገበሬዎችም ናቸው። ኦሞ በክረምት ደጋ ላይ የጣለውን ዝናብ ይዞ ይሞላል፤ ጎርፉ ሲሸሽ በተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ መያዝ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። አገሪቱ ኃይል አግኝታለች። በታችኛው ኦሞ ግን ወቅቱን ጠብቆ ይመጣ የነበረው ጎርፍ እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀርቷል። ለኮልቾ ይህ ማለት ከሁለቱ ገቢዎች አንዱ ሲሳሳ የሌላው ክብደት ጨመረ ማለት ነው። ፎቶ ከማሽላ ጎን የቆመ ተጨማሪ ነበር፤ አሁን ማሽላ የሚገዛበት ገንዘብ ሆኗል።

በዚያ ላይ ትርኢት በራፍ የሚዘጋ ገበያ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ሲገለጽ የውጭ ጎብኚ ወዲያው ደረቀ። ኮሮና ሳይለቅ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ። ጦርነቱ ከኦሞ በጣም የራቀ ቢሆንም፣ የአውሮፓ መንግሥታት ለዜጎቻቸው የሚያወጡት ማስጠንቀቂያ ላይ ኢትዮጵያ አንድ አገር ናት። የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከ ተፈረመበት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ ገበያው ቀዝቅዞ ቆየ። አንድ የኦፔራ ቤት በሩ ሲዘጋ ቢያንስ የተከፈለ ቀብድ በእጁ ይኖራል። ጎብኚው ከጉዞው በፊት የከፈለው ቀብድ ያለው ግን አዲስ አበባና አውሮፓ ባሉ ቢሮዎች ነው፤ ኮልቾ የሚደርሰው ቱሪስቱ በአካል ሲደርስ ብቻ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 ለከዋኞች መብት ዕውቅና ይሰጣሉ። ሆኖም በገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ግብይት በአብዛኛው የቃል ነው፤ መዝጊያው ሲጫን ተጀምሮ ያልቃል።

ከሁሉ የቀለለው ማስተካከያ የሽያጩን መለኪያ መለወጥ ነው። ጎብኚው ለሰዓት ወይም ለትርኢት አንድ ዋጋ ለመንደሩ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ያነሣል። ይህ በኦፔራ አነጋገር የወንበር ትኬት ነው። ማሳደዱን ያስቀራል፣ ድርድሩንም ያሳጥራል። አዲስ ጥያቄ ማምጣቱ ግን አይቀርም። የተሰበሰበውን ገንዘብ ማን ይይዛል? የተሣለው፣ የጨፈረው፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ከብት ይዞ የዋለው ወጣት እንዴት ይካፈላሉ? ከ200 ዓመት በፊት ሮም ላይ 1,200፣ 700 እና 400 የሆነው ክፍፍል እዚህም ባለቤት ይፈልጋል። በቁጥር የሚከፈለው ብር ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም አንድ ጥሩ ጎን ነበረው፤ በቀጥታ የሚገባው በተነሣው ሰው እጅ ነው። በጥቅል የተሰበሰበ ገንዘብ ደብተርና የሚታመን ገንዘብ ያዥ ከሌለው ከመሀል ይቀራል።

ትልቁ ገንዘብ ግን ከደጁ ነው፤ ከማደሪያው፣ ከምግቡ፣ ከመጓጓዣው። ቱሪስቱ ለፎቶ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ቱርሚ ተመልሶ የሚያድር ከሆነ የሌሊቱ ሂሳብ ቱርሚ ይቀራል። ባለሀብት በወንዙ ዳር የድንኳን ማደሪያ ለማቆም ሲያስብ፣ መንደሩን በመሬት ኪራይ ብቻ ሳይሆን በአዳር ቁጥር ድርሻ ቢያስገባው በራሱም ጥቅም ነው፤ እንግዳው የሚመጣው ለአልጋው ሳይሆን ለካሮዎች ነውና። ባርባያ ዘፋኞቹን ካስቀየመ ቁማርተኛውም እንደሚቀር ያውቅ ነበር።

የጊዜ ጉዳይም አለ። የኦፔራ ቤት የወቅቱን ዝርዝርና ዋጋ ከመክፈቻው ወራት አስቀድሞ ያወጣል። አስጎብኚ ድርጅቶችም ለውጭ ወኪሎቻቸው የዓመቱን ዋጋ የሚሰጡት ቀደም ብለው ነው። መንደሩ ዋጋውን ኅዳር ላይ መኪናው ከደረሰ በኋላ ቢጨምር ጭማሪው የሚወጣው ከአስጎብኚው ትርፍ ወይም ከቱሪስቱ ኪስ በጭቅጭቅ ነው። ዝናቡ ሳያበቃ፣ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ታውቆ ጂንካና አዲስ አበባ ቢደርስ ግን በጥቅል ዋጋው ውስጥ ይገባል፤ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ውስጥ አሥር ወይም ሃያ ዶላር ልብ የሚል ጎብኚም ብዙ አይገኝም።